ጣና ዳር ላላችሁ ልጆቼ፦ ነገሩ የሚያልቀው መሳፈሪያው ላይ ነው

ልጆቼ፣

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር፣ ጀልባ መሳፈሪያው ጋ ቆሞ ጣናን ያየ ሰው፣ ይህ ውሃ ሰው ይበላል ቢሉት አያምንም። ዝም ያለ ነው። ደንገሉ አይነቃነቅም። ወፎቹ ውሃው ላይ ቁጭ ብለዋል። የዘጌ ጫካ ከሩቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ፣ ያምራል። አባቶቻችን "እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ" የሚሉት ግን እንዲህ ያለውን ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሳጅን ነኝ። 26 ዓመት ፖሊስ ነበርኩ። የመጨረሻዎቹን 11 ዓመታት ያሳለፍኩት ሐይቁ ላይ፣ በቅኝት ጀልባ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ የዘጌ ልጅ ነኝ። አባቴ ጌሾና ማገዶ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ያደርስ ነበር፤ እኔም ከጭነቱ ጥግ ተቀምጬ አብሬው እመላለስ ነበር።

ይህን ልጽፍላችሁ የተነሳሁት በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ባለፈው ሰሞን መሳፈሪያው ላይ ቆመን ስንጫወት፣ ጀልባ ነጂ ነው፣ ጎበዝ ልጅ፣ "ጋሼ፣ እናንተ እኮ ሥራችሁ ሰው ማስቆም ነው" አለኝ። ልመልስለት ስል ተሳፋሪው ሞላና ሄደ። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም እዚህ ልመልስ።

በ11 ዓመት ውስጥ ከውሃ ያወጣናቸውን ሰዎች፣ በሕይወት ያሉትንም የሌሉትንም፣ መለስ ብዬ አስባቸዋለሁ። ብዙዎቹ የተጎዱት ውሃው ላይ በተፈጠረ ነገር አይደለም። ነገሩ መሳፈሪያው ላይ አልቆ ነበር። ሰው ሳይቆጠር ሲቀር። ላይፍ ጃኬቱ ከመቀመጫው ሥር እንደታሰረ ሲቀር። "ቶሎ እንመለሳለን" ሲባል። ውሃው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ጣናን ላስተዋውቃችሁ፣ ዳሩ ላይ ያደጋችሁ ብትሆኑም። ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወርዱ ደግሞ 66 ኪሎ ሜትር ያህል። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ግን ጥልቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ወይም 15 ሜትር ቢሆን ነው፣ አማካዩ ከ10 ሜትር አያልፍም። ትምህርት ቤት ሄጄ ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ደስ ይላቸዋል። "እንግዲያው አያሰጋም" ይላሉ። አይደለም ልጆቼ። ሰው ለመስጠም 15 ሜትር አያስፈልገውም፣ ከቁመቱ ትንሽ ያለፈ ይበቃዋል። ደግሞም ሞገዱን የሚያከፋው ይኸው ጥልቀት ማጣቱ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ቶሎ ይቆጣል፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የሌላውን እግር የሚረግጥ ይሆናል። ትንሽ ጀልባ አንዱን ወጥታ ሳትጨርስ ሌላው ከፊቷ ይቆማል። ባሕር ዳርና ዘጌ ደግሞ በደቡቡ ጫፍ ናቸው። ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ ያን ሁሉ መንገድ ሞገዱን እየገፋ መጥቶ የሚያራግፈው እኛ ላይ ነው።

ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ይህን ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ያውቃል፤ ለዚህ ነው በጠዋት ወጥቶ በጊዜ የሚገባው። 3 ሰዓት ላይ መስታወት የመሰለው ውሃ 9 ሰዓት ላይ ነጭ አረፋ ይዞ ይጠብቃችኋል። ክረምት ሲሆን መብረቁና ነጎድጓዱ ይጨመርበታል። እና ገዳም ሊሳለም በጠዋት የሄደ ሰው የሚመለሰው መቼ ነው? ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት አይቶ ያመነው ውሃ ሌላ፣ ማታ የሚሻገረው ውሃ ሌላ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት ለሰው አልተናገርኩትም።

ቅኝት በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ጠዋት መሳፈሪያው ላይ አንዲት ጀልባ ልትነሳ ስትል ቆጠርኩ። ጎኗ ላይ 25 ሰው ተብሎ ተጽፏል። ውስጧ 33 ሰው አለ። ለቅሶ ደራሾች ናቸው፤ ሁሉም ጋቢና ነጠላ ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ገና ከመንገዱ ማልቀስ ጀምረዋል። "8 ሰው ይውረድ" አልኩ። ማን ይውረድ? ወንድሙ ነው የሞተው፣ አክስቷ ነች፣ የንስሐ ልጃቸው ነው። ከመካከላቸው የእናቴ ጎረቤት የነበሩ ሴት ብድግ ብለው፣ "ልጄ፣ አስከሬኑ እኛን እየጠበቀ ነው፤ ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለህ ተወን" አሉኝ። እኝህ ሴት ልጅ ሆኜ እንጀራ ያጎረሱኝ ናቸው። ውሃውን አየሁት። ዝም ብሏል። እጄን አነሳሁና "ሂዱ" አልኩ።

ሲሄዱ ምንም አልሆኑም። ሲመለሱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነፋሱ ያዛቸው። መሬት ለመድረስ የድንጋይ ውርወራ ያህል ሲቀራቸው አንድ ሞገድ በጎን ገባ፤ ልብሳቸው የራሰባቸው ሰዎች ደንግጠው ወደ ሌላው ጎን ሸሹ፤ ጀልባዋ አብራቸው ዞረች። ይኸው ነው። የቆየው ስንት ሰከንድ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። እኛ ስንደርስ ታንኳ ቀዛፊዎች ቀድመውን እየጎተቱ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። 32 ሰው ወጣ። አንድ ልጅ ቀረ። 19 ዓመቱ ነበር። ከሁሉም የበለጠ ዋና የሚችለው እሱ ነበር፤ ስለሚችልም ሦስት የማይችሉ ሰዎች ተጠመጠሙበት።

ማንም አልከሰሰኝም። "ነፋስ ነው" ተባለ። ነፋስ አልነበረም፤ 8 ትርፍ ሰው ነው። እኝያ ሴት በሕይወት አሉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሳቸውም አንገታቸውን ይደፋሉ፣ እኔም።

8 ሰው ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። አንድን ሰው 60 ኪሎ ብላችሁ ያዙት፤ 480 ኪሎ ነው፣ ወደ አምስት ኩንታል። ያ ሁሉ ሲጨመር የጀልባዋ ጎን ወደ ውሃው ይጠጋል፣ በፊት ከጎኗ ተጋጭቶ ይመለስ የነበረው ሞገድ አሁን ዘሎ ይገባል። ከዚያ ደግሞ ጤፍ ኩንታል ባለበት ይቀመጣል፣ ሰው ግን አይቀመጥም። ይነሳል፣ ይዞራል፣ ይሸሻል። ጀልባ የሚገለብጠው ብዙ ጊዜ ክብደቱ ራሱ ሳይሆን የክብደቱ መሮጥ ነው። ለዚህ ነው ነጂ "ተቀመጡ" ሲላችሁ በቁጣ የሚለው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ፣ በታንዛኒያ በኩል፣ ኤምቪ ኔሬሬ የምትባል መርከብ ኡካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች። እንድትጭን የተፈቀደላት 101 ሰው ነበር። የሞቱት ብቻ ከ220 በላይ ናቸው። ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ደግሞ ኪቩ ሐይቅ ላይ፣ በኮንጎ በኩል፣ ጎማ ከተማ ልትደርስ የተቃረበች ጀልባ ከመጠን በላይ ጭና ወደቡ እየታየ ሰጠመች፤ ዳር ላይ የቆሙ ሰዎች እያዩ። ሁለቱም የሆኑት ሰው "ደረስን" ባለበት ሰዓት ነው። ወደብ ሲቀርብ ሁሉም ብድግ ይላል፣ ሻንጣውን ይፈልጋል፣ ዘመዱን ለማየት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። እባካችሁ ጀልባዋ እስክትታሰር ቁጭ በሉ። ቀድሞ የወረደ የሚያገኘው ነገር የለም።

አሁን ወደዚያ ነጂ ልጅ ልመለስ። እኔ ነጂዎችን በክፋት አላያቸውም። ጀልባዋ የእነሱ አይደለችም። ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባሉ፣ ነዳጁን ይችላሉ፣ የረዳቱን ይከፍላሉ። ለራሳቸው የሚተርፈው የመጨረሻዎቹ አራት አምስት ተሳፋሪዎች የከፈሉት ነው። እነዚያን አራት አምስት ሰዎች ነው እንግዲህ እኔ "ውረዱ" እል የነበረው። ልጁ እራቱን እንደነጠቅኩት ቢሰማው አልፈርድበትም። ግን ልጄ፣ የተገለበጠች ጀልባ ነጂ ሆኖ የኖረ ሰው አውቃለሁ። ወጣት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጀልባ አልነዳም፣ ባሕር ዳርም አልኖረም። እኔ ያስቆምኩህ አንተም እንደ እሱ እንዳትሆን ብዬ ነው።

የጀልባ ባለቤቶችም ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። ገቢውን በቀን ቁርጥ ሳይሆን በጉዞ ልክ ብታደርጉት፣ ልጁ ትርፍ ሰው የሚለምንበት ምክንያት አይኖረውም።

ስለ ቅኝት ሥራ ደግሞ ወጣት ፖሊሶች ትጠይቁኛላችሁ። ያስተማረኝን ነገር ልንገራችሁ፤ ያስተማረኝ ችግር ነው። በአንድ ወቅት የቅኝት ጀልባችን ነዳጅ አጥታ ሁለት ወር ያህል ቆመች። ጠያቂው እኛ፣ ፈራሚው የለም። በጣም ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፤ የሰው ነፍስ የሚጠብቅ ጀልባ በአንድ ወረቀት ይቆማል? ግን ቁጭ ብለን ከመዋል ብለን እኔና ባልደረባዬ ደብተር ይዘን በየጠዋቱ መሳፈሪያው ላይ መቆም ጀመርን። የጀልባዋን ስም፣ የነጂውን ስም፣ ስንት ሰው እንደጫነ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ እንጽፋለን። በቃ፣ ሌላ ነገር አላደረግንም። ማስፈራራት የለ፣ መቅጣት የለ። ሳምንት ሳይሞላ ነጂዎቹ ራሳቸው መጥተው "ሳጅን፣ 24 ነን፣ ጻፈው" ይሉን ጀመር። ማታ ደግሞ ያልተመለሰውን ከደብተሩ እናውቃለን። አንድ ቀን በዚያ ደብተር የተነሳ ደቅ ደሴት አቅራቢያ ሞተሯ የጠፋባትን ጀልባ ሳይመሽ ፈልገን አገኘናት፤ ነዳጁን ከአንድ ነጋዴ ተበድረን ነው የሄድነው።

ስለዚህ ሥራውን ከመሳፈሪያው ጀምሩ። ሐይቁ መሀል ገብቶ ማስቆም ይደምቃል፣ ግን ያኔ ሰዉ ቀድሞ ተጭኗል፣ መሀል ባሕር ላይ "8 ሰው ይውረድ" አይባልም። ነጂዎቹን በስማቸው እወቋቸው። በበዓል ቀን ብቻ አትታዩ። በመጀመሪያው ጥፋት አስተምሩ፣ በሁለተኛው ቅጡ፣ ሰው አትምረጡ። ደግሞ ከነጂ እጅ ሻይ እንኳ አትጠጡ። ጨካኝ ሁኑ ማለቴ አይደለም፤ ሻይ የጋበዛችሁን ሰው ጀልባ ስትቆጥሩ 25 ላይ ማቆም ይከብዳል፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።

የከበደኝን ቀን ልንገራችሁ። የካቲት 16 ነበር። ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ላይ እንዴት እንደምትነግሥ ታውቃላችሁ፤ ሰዉ የዑራን ገዳም ለመሳለም ከባሕር ዳር፣ ከመርዓዊ፣ ከዳንግላ ይመጣል፣ መሳፈሪያው ይጨናነቃል። አንዲት ጀልባ ላይ 30 ቆጠርኩ፣ 24 ነው የሚፈቀድላት። "አትነሳም" አልኩ። ጩኸቱ! "ከእመቤታችን ልታስቀረን ነው?" "አንተ ክርስቲያን አይደለህም?" አንዷ ረገመችኝ። ልቤ ተሸበረ፣ ምክንያቱም ያ ለቅሶ ፊቴ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ምንም ሳይሉ ወረዱ። አንድ ሰው ቀነሰ። ከእሳቸው ጋር የነበረ ተማሪም ወረደ። ከዚያ ሁለት ልጃገረዶች። ሌሎቹም ተከተሉ። አባ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ዳዊታቸውን አውጥተው መድገም ጀመሩ። "ይቅርታ አባ" ስላቸው ቀና ሳይሉ "ቁጠር" አሉኝ። ያን ቀን ማንም አልሞተም። ማንም አላመሰገነኝም። ቅኝት ማለት ይኸው ነው፤ ደህና የዋለ ቀን ዜና የለውም።

ወደ ላይፍ ጃኬቱ ልምጣ፣ በዚህ ላይ ረዘም ማለቴን ታገሡኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300,000 ሰው በዓለም ላይ ሰጥሞ ሞቷል። አሜሪካኖች የጀልባ አደጋቸውን በየዓመቱ ይመዘግባሉ፤ ሰጥመው ከሞቱት ከ10ሩ ከ8 በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ጃኬት አጥተው አይደለም፣ አገሩ አሜሪካ ነው። ብዙ ጊዜ ጀልባው ላይ አለ፣ አልለበሱትም እንጂ። ሌላም ነገር አለ፤ ከሞቱት ከ10ሩ 7 ያህሉ የነበሩበት ጀልባ ነጂ የደህንነት ትምህርት ያልወሰደ ነው። ሥልጠና ስትጠሩ "ሥራ ፈትቼ አልመጣም" የምትሉ ነጂዎች ይህችን ያዙልኝ።

እኛ ጋ ጃኬቱ የት ነው ያለው? መቀመጫው ሥር፣ በገመድ ታስሮ፣ ላዩ ላይ ጆንያ ተጭኖበት። ሞገድ ሲመጣ ይህን ፈትቶ የሚያወጣ ሰው የለም። ጃኬት የሚለበሰው መሬት ላይ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት። ማሰሪያውን ሁሉ እሰሩት፣ ከዚያ ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ይዞ ሽቅብ ይጎትት፤ ወደ ጆሮ ከወጣ ሰፍቷችኋል ማለት ነው፣ ውሃ ውስጥም ከራሳችሁ ላይ ይወልቃል። የትልቅ ሰው ጃኬት ለሕፃን አይሆንም፣ ሕፃኑ በሥሩ ሾልኮ ይወጣል። እናቶች ሕፃን በጀርባ አዝላችሁ አትሳፈሩ፣ ከፊት ያዙት።

ከነጠላ ጋር ያለውን ነገር ደግሞ ሴቶች ልጆቼ ስሙኝ። ጃኬቱን ለብሰው ነጠላውን ከላይ የሚያጣፉ አያለሁ፣ እንዳያስቀይም ብለው። የራሰ ነጠላና ጋቢ እጅና እግር ያስራል። ነጠላውን አጥፋችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጉት፣ ጃኬቱ ከሁሉ በላይ ይሁን። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስትደርሱ ታጣፋላችሁ። አባቶች አይቆጡም፣ እኔ ጠይቄያቸዋለሁ።

ጃኬት ከሌለስ? ቢጫውን ጀሪካን ታውቁታላችሁ። 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን፣ ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ፣ ደረቱ ላይ ያቀፈውን ሰው ይዞ ይንሳፈፋል፤ ሁለት ሰው ቢይዘውም አይጥልም። ጃኬትን አይተካም። ግን እጀታው ላይ ገመድ አስራችሁ ጀልባችሁ ላይ ወይም ዳር ላይ ብታስቀምጡት የሰው ነፍስ ያወጣል። ምክንያቱም ሰው ሲሰጥም ስታዩ ዘላችሁ አትገቡም። ይህን ከሁሉ በላይ ለልጆች አስተምራለሁ። ያ የ19 ዓመት ልጅ ዋና ያውቅ ነበር። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ነገር ይጨብጣል፣ አንተንም። መጀመሪያ ጩህ፣ ሰው ጥራ፤ ዘንግ ዘርጋ፤ ዘንግ ካልደረሰ ጀሪካን ወርውር፤ አለዚያ በጀልባ ሂድ። ካወጣችሁት በኋላ ደግሞ ውሃው ይውጣ ብላችሁ ሆዱን አትጫኑ፣ ቁልቁል አትዘቅዝቁት። የማይተነፍስ ከሆነ የሚፈልገው አየር ነው፤ አገጩን ቀና አድርጋችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ ትንፋሽ ስጡት፣ ከዚያ ደረቱን መጫን። ይህን ከወረቀት ሳይሆን ከሚያውቅ ሰው በእጃችሁ ተለማመዱት፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አሠልጥኑን በሉ።

ስለ መንዳት ጥቂት ልጨምር። ሞገድ ሲነሳ ፍጥነት ቀንሳችሁ አፍንጫዋን ወደ ሞገዱ አዙሩ፣ ጎኗን አትስጡት፤ ሰዉን ዝቅ ብሎ መሀል እንዲቀመጥ አድርጉ። ብትገለበጥም አትልቀቋት። የእንጨትና የፋይበር ጀልባ ተገልብጦም ብዙ ጊዜ ይንሳፈፋል፤ ዳሩ ቅርብ መስሏቸው ትተዋት የዋኙት ናቸው የሚጠፉት። የመመለሻ ነዳጅ ያዙ፣ መቅዘፊያ ያዙ፣ ባትሪ ያዙ። በበዓል ቀን ጠላ አትቅመሱ፣ አረቄማ ጨርሶ። ሰክሮ የሚሳፈርም ሰው አትጫኑ።

ድንጋዮቹን ደግሞ በቃሌ አውቃቸዋለሁ አትበሉ። ጣና ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከክረምት በኋላ ይሞላል፣ ሰኔ አካባቢ ይጎድላል። በ1995 ዓ.ም. ውሃው እጅግ ጎድሎ መርከቦቹ ለአራት ወር ያህል መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር፤ ማንም አይቶት የማያውቀው ድንጋይ ያን ጊዜ ብቅ አለ። የእምቦጭ አረምም አለ። ሐይቁ ላይ የታየው ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ነው፣ ብዙው በሰሜን ምሥራቁ በኩል ነው፣ ግን ነፋስ ይዞት ይዞራል፤ የሞተሩ ምላስ ላይ ከተጠመጠመ ጀልባዋ ትቆማለች፣ ከቆመች ጎኗን ለሞገድ ትሰጣለች። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ስታልፉ ጉማሬዎቹን አትጠጉ። ፎቶ ለሚፈልግ ቱሪስት ብላችሁ በጉማሬና በልጇ መካከል እንዳትገቡ።

የታንኳ ሰዎችንም አክብሩልኝ። ይህን ሐይቅ ከሁላችን በፊት ያወቁት እነሱ ናቸው፤ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው የሚሠሯት ታንኳ እኔን አሳድጋለች። በለቅሶው ቀን 32 ሰው ሲወጣ ቀድመው የደረሱት እነማን እንደነበሩ ነግሬያችኋለሁ። ሞተር ያላችሁ ልጆች ግን አጠገባቸው በሙሉ ፍጥነት ታልፋላችሁ። የእናንተ ጀልባ የምትተወው ሞገድ ለታንኳ ማዕበል ነው። ከሩቅ ስታዩአቸው ጋዙን ቀንሱ፣ ከዚያ ሰላምታ ስጧቸው።

ተሳፋሪ የሆናችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ያላችሁት እዚህ ላይ ነውና፣ እናንተ ፖሊስ እስኪመጣ አትጠብቁ። ፖሊስ ሁሉ ቦታ አይደርስም፣ እኔ ስሠራም አልደረሰም። መቁጠር ትችላላችሁ። ጎኗ ላይ ስንት እንደተጻፈ ማንበብ ትችላላችሁ። ነጂውን አትስደቡት፣ "ወንድሜ፣ ሞልቷል፣ ቀጣዩን እንጠብቃለን" በሉት። እናታችሁ ወይም አያታችሁ አብረው ካሉ እጃቸውን ይዛችሁ ውረዱ። ይሉኝታ ይይዛችኋል፤ ጎጃሜ ነን፣ ሰው ፊት "አይሆንም" ማለት ይከብደናል። እኔንም ያን ቀን የያዘኝ እሱ ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ብሎ የሰየመው ቀን በእኛ ሐምሌ 18 ላይ ይውላል። ክረምቱ መሀል፣ ጣና በሚቆጣበት ወር። አስተማሪ የሆናችሁ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ከመበተናቸው በፊት በሰኔ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት። ከጠራችሁኝ ጀሪካኔንና ገመዴን ይዤ እመጣለሁ፣ ዘጌም ሆነ ቁንዝላ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ባለፈው የካቲት 16 ጠዋት ከመሳፈሪያው ደወለችልኝ። ከኋላዋ ጫጫታ ይሰማል። "አጎቴ፣ 31 ሆነናል፣ የተጻፈው 25 ነው" አለችኝ። "እና ምን አደረግሽ?" አልኳት። "እኔና ጓደኞቼ ስድስታችን ወረድን፤ ነጂው ተቆጥቶናል" አለች። ዳር ላይ ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀምጠው ቀጣዩን ጠበቁ። 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ "ደረስን" የሚል መልእክት ላከችልኝ። ቅዳሴው አምልጧቸው ነበር።